ዛፍ ምን አውቃለሁ ያልኩበት ቀን

ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። እናቴ አታውቅም። በየዐቢይ ጾሙ ቤታችን የሚመጡት የንስሐ አባታችንም አያውቁም። እሳቸው እግር ሥር ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ለእናቴ አጉል መልስ መስጠቴን፣ ፈተና ላይ መኮረጄን ሳይቀር ዘርዝሬያለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ ግን «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። አራት ዓመት «ሌላ የለም» አልኩ። ስለዚህ እናንተ የማታውቁኝ ስሙኝ። ብቻ መሐል ላይ እንዳታጽናኑኝ። ሰው ሲያጽናናኝ ግማሹን ውጬ እንደምነሳ ራሴን አውቃለሁ።

ያደረግኩት ይኸውላችሁ፦ አንዲት ልጅ አምናኝ ምስጢሯን ነገረችኝ፣ እኔ በድምፅ ማጉያ አነበብኩት። ስሟን አልጠራሁም። ይህችን «ስሟን አልጠራሁም» የምትል ነገር ስንት ጊዜ እንደተሸሸግኩባት! ለምክትል ዳይሬክተሩ ብያታለሁ፣ ለጓደኞቼ ብያታለሁ፣ ትራሴን አቅፌ ለራሴ ብያታለሁ። እውነት ነው፣ አልጠራሁም። ከስሟ የባሰ ነው የጠራሁት።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፣ እዚሁ ቦንጋ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ያደግኩት በሳሙናና በደብተር ካርቶን መሐል ነው። ካፊኖኖ እሰማለሁ፣ ስናገረው ግን ደንበኛ ሁሉ ይስቅብኛል። ከከተማው ወጥቼ ጫካ ውስጥ የገባሁባቸውን ቀናት በጣቶቼ እቆጥራቸዋለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ዋሻ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

የዜግነት ትምህርት የሚያስተምሩን ቲቸር ሰብለ ነበሩ። እሳቸው ናቸው «አድማጭ ተማሪዎች» የሚባለውን ነገር ያመጡት። ተማሪ የከበደውን ነገር ለመምህር አይናገርም፣ ለእኩያው ግን ይናገራል አሉ። ፈቃደኛ የሆነ ይመዝገብ ሲሉ እጄን አወጣሁ። ለምን? ሰው ለመርዳት ብዬ? አይደለም። ማወቅ እወዳለሁ። ሰው ጓዳ ውስጥ ያለውን ነገር ከማንም በፊት ማወቅ እወዳለሁ። ሱቅ ያደገ ሰው ይህን ይረዳኛል፤ ባንኮኒው ጀርባ ቆመሽ የማን ባል ሲጋራ መግዛት እንደጀመረ አንቺ ነሽ ቀድመሽ የምታውቂው።

ሦስት ቅዳሜ ሰለጠንን። ሁለት ሁለት ሆነን ፊት ለፊት እንቀመጣለን፣ አንዱ ያወራል፣ ሌላው ሦስት ደቂቃ ትንፍሽ አይልም። እኔ አንድ ደቂቃ እንኳን አልሞላሁም። «ኧረ ባክሽ! ከዚያስ?» አልኩ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አብራኝ የነበረችው ልጅ «ቲቸር፣ ይቺ ሬዲዮ ናት እንጂ አድማጭ አይደለችም» አለች። ቲቸር ሰብለም ሳቁ። ከዚያ ሕጉን ሰሌዳው ላይ ጻፉት። አትምከሩ። አትፍረዱ። የሰማችሁትን ይዛችሁ አትውጡ። ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ለእኔ ብቻ ንገሩኝ። እኔም ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ገለበጥኩት። ሹራባችን ላይ አረንጓዴ ሪባን ተሰፋልን። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ አቮካዶው ሥር፣ አንዱ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ አግዳሚ ወንበር ተሰጠን። ሰው የምናዳምጠው እዚያ ነው።

ለወራት የሰማሁት ጥቃቅን ነገር ነው። አንዱ ሒሳብ ይፈራል። አንዷ የወደደችው ልጅ ቴሌግራም ላይ መልስ አይሰጣትም። ልናዘዝ ከመጣሁ ሁሉንም ልናገር፦ ሰልችቶኝ ነበር። ሰው እያለቀሰ ከዚህ የከበደ የለሽም ወይ እል ነበር በሆዴ።

ከዚያ እሷ መጣች።

ስሟን አሁንም አልጽፍም፣ ያሁኑ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ከየትኛው ወረዳ እንደመጣችም አልጽፍም። ራቅ ያለ መሆኑ ይበቃል። እንደ ገጠር ልጆች ሁሉ ቦንጋ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ይዘዋል፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከየቤታቸው ስንቅ ያመጣሉ፣ ያመጡትን ቀላቅለው አንድ ትሪ ላይ ይበላሉ። ሦስት ቀን መጥታ ስለ ፊዚክስ አወራችኝ። በአራተኛው ቀን ዝናብ ነበር፣ አቮካዶው እላያችን ላይ ያንጠባጥባል፤ ያኔ ነገረችኝ።

ከፋ ውስጥ ሌላው ሰው አብሯቸው የማይበላ ወገን አለ። መጠሪያቸውን አልጽፍም፣ ሰው ለስድብ ስለሚጠቀምበት። የሰው ቤት ቢመጡ ደጅ ነው የሚቀመጡት። ምግብ በቅጠል ላይ ይሰጣቸዋል፣ ዕቃ እንዳይነኩ። «ይህ ነገር ድሮ ቀርቷል» ይባላል በየስብሰባው። ስብሰባው ሲያልቅ ሻይ አብሯቸው የሚጠጣ ግን የለም። እሷ ከዚያ ወገን ናት። አባቷ ማንም በማያውቃት ከተማ ትማር ብለው ነው ቦንጋ የላኳት። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች አያውቁም። ሁለት ዓመት ከአንድ ትሪ በልታለች፣ ሁለት ዓመት ሲያጎርሷት ጎርሳለች።

«ሲያጎርሱኝ የሰረቅኩ ይመስለኛል» አለችኝ።

ከሦስቱ አንደኛዋ ማንኪራ ከሚባለው ቀበሌ የመጣች ልጅ ናት፣ እንደ እህቷ የምትወዳት። ለእሷ ብቻ መጀመሪያ ልንገራት እያለች ነበር። «በራሴ አፍ፣ ብቻዋን፣ የስንቅ ቀን መንገድ ላይ ሸኝታኝ ስንሄድ» አለች። ሌላ የጠየቀችኝ ነገር የለም። ቃሉን ጮክ ብላ ብትለው ምን እንደሚመስል መስማት ነበር የፈለገችው፣ እኔ ላይ መለማመድ።

ስለ አባቷም አወራችኝ። ቀፎ የሚሰቅሉበት ዛፍ አለ፣ ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ ዳር። «ዛፉ በአባቴ ስም ነው የሚጠራው» አለችኝ። «ገበያ የሚሄድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጥላው ሥር ግን ማንም አያርፍም፣ የእኛ ስለሆነ። እኛ አገር ዛፍ ባለቤት አለው። ዛፉን ከጠራሽ አባቴን ጠራሽ ማለት ነው።» ቃል በቃል ይህንን ነው ያለችው። አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ሰማኋት፣ ገባኝ፣ ሰውነቴን ወረረኝ። አምሮኝ ነው የወረረኝ። እንዲህ ያለ ታሪክ ማን አለው? አልኩ።

ከዚያ ከቦርሳዋ የበቆሎ ቂጣ አወጣች። ለሁለት ቆረሰችና ግማሹን ሰጠችኝ። ፊቴን አላየችም፣ እጄን ነው ያየችው። ተቀበልኩ። «አሁን ጠግቤያለሁ፣ በኋላ እበላዋለሁ» አልኩና ሹራቤ ኪስ ከተትኩት፣ ሪባኑ ሥር። «ግድ የለም» አለች፣ ሳቅ ብላ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ቦዩ ውስጥ ወረወርኩት። እኔ! የማንም ወገን አይደለሁም፣ ይህ የእነሱ ጉዳይ ነው የምለው እኔ፣ የሱቅ ልጇ! ማን ነው ያስተማረኝ? ቤታችን ማንም አላስተማረኝም። ግን ባንኮኒያችን ላይ አንዳንድ ሰው የቀመሰበት ብርጭቆ ለብቻው ሲታጠብ እያየሁ አድጌያለሁ። እጄ ሳይጠይቀኝ ተምሯል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ክበባት ሁሉ ሥራቸውን በሚኒ ሚዲያ ሊያቀርቡ ነው። ቲቸር ሰብለ «ከአድማጮች አንድ ሰው አጭር ጽሑፍ ያንብብ፣ ስለ ማዳመጥ፣ የማንንም ታሪክ ሳይነካ» አሉ። እኔ አነባለሁ አልኩ። አስቀድመው ሊያዩት ጠይቀውኝ ነበር፣ ገና አልጨረስኩትም እያልኩ አዘገየሁ። ጨርሼው ነበር።

ሁለት ገጽ ነው። አንዲት ተማሪ አለች ብዬ ጀመርኩ። ስም የለም፣ ወረዳ የለም፣ የወገኑ መጠሪያ የለም። ዛፉ ግን አለ። ዛፉን ከነመልኩ፣ ከነቀፎው፣ ከነመንገዱ ጻፍኩት። ምን እንዳልኩ እዚህ አልደግመውም፣ አንዴ ይበቃል። ያን መስመር ሦስት ጊዜ ሰርዤ ሦስት ጊዜ መልሼ ጽፌዋለሁ። ለምን ሰረዝኩት? ስለማውቅ ነዋ! የማያውቅ ሰው ይሰርዛል? ለምን መለስኩት? እሱ ከሌለ ጽሑፉ ደረቀብኝ። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት አራት ዓመት ፈለግኩ፣ አጣሁ። መጨረሻው ላይ ደግሞ አድማጯ ቂጣውን ተካፍላ ስትበላ አለ። «ቆርሳ ሰጠችኝ፣ አብረን በላን» ብዬ ጻፍኩ። ቦዩ ውስጥ የወረወርኩትን ቂጣ በሚኒ ሚዲያ በላሁት።

ሰንደቁ ሥር ተሰልፈን፣ እንግዶቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አነበብኩ። ድምፄ ያምራል፣ ይህንን አውቃለሁ። እሷ ሰልፉ ውስጥ ናት፣ ከክፍሏ ልጆች ጋር፣ ጫማዋን ታያለች። ዛፉ ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። ትንፋሽ የሳብኩ መስዬ ቆምኩ። ያን ጊዜ መዝለል እችል ነበር፣ ማንም አያውቅም ነበር። ቀና አለች፣ አየችኝ። አነበብኩት።

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰልፍ አንድ ልጅ፣ የዚያው ወረዳ ልጅ፣ «እንዴ! ይሄማ የእገሌ ዛፍ ነው!» ብሎ ጮኸ። የአባቷን ስም። በክፉ አልነበረም፣ አገሩን በማይክራፎን ሰምቶ ደስ ብሎት ነው የጮኸው። ግን የሰው አባት ስም ምኑ ነው? በየጠዋቱ ስም ሲጠራ ከስሟ ቀጥሎ የሚጠራው አይደል? ክፍሏ በሙሉ በቀን አንዴ የሚሰማው ስም ነው። መጀመሪያ አንድ ጭንቅላት ዞረ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ ሰልፉ። እኔ ቂጣው ጋ ደርሼ ነበር። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። አባቴ በፍሬም አድርጎ ከንግድ ፈቃዱ አጠገብ ሰቀለው።

ያንኑ ቀን ከሰዓት የተከራዩበት ቤት ሄድኩ። ልረዳት? አይደለም። ለማየት ነው የሄድኩት። ከመንገዱ ማዶ፣ የባጃጅ ማቆሚያው ጋ፣ ጃንጥላ ይዤ ቆምኩ። ፍራሿ ውጭ ነበር፣ ዝናብ ላይ፣ ቦርሳዋ እላዩ ላይ። ከልጆቹ አንዷ በር ላይ ቆማ «ሁለት ዓመት አስበላሽን! ሁለት ዓመት! ጸበል ሳይረጭ እዚህ ቤት አልገባም» ትላለች። አከራያቸው እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «እኔ ምን ላርግ ልጄ፣ እኔ ምን ላርግ፣ ተከራይ ይሸሸኛል» ይላሉ። የማንኪራዋ ልጅ ትሪውን ይዛ ወጣች። ታለቅስ ነበር። አጠገቧ ስትደርስ ቆመች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት።

«ልነግርሽ ነበር» አለች እሷ። «በሚቀጥለው ሳምንት፣ የስንቅ ቀን።»

«አሁን ነው የምትዪው።»

ትሪውን ቦዩ ውስጥ ጣለችው። ቂጣው የገባበት ቦይ ነው፣ ከትምህርት ቤቱ ተነስቶ፣ በዚያ ሰፈር አልፎ፣ እስከ ሱቃችን በር የሚወርደው። እኔ ጃንጥላዬን ዝቅ አድርጌ ፊቴን ሸፈንኩ።

በማግስቱ ቲቸር ሰብለ ለጊዜው ቤታቸው እንደሚያስጠጓት ኮሪደር ላይ ነገሩኝ። «ፈተናዋን እስክትጨርስ እኔ ጋ ትሆናለች፣ አንድ ክፍል ትርፍ አለኝ» አሉ። ይህን አትርሱብኝ። ከዚያ ምክትል ዳይሬክተሩ ቢሮ ጠሩን፣ እኔንና እሷን። ቲቸር ሰብለ ጠየቁኝ፦ ዛፉ የማን እንደሆነ እንደሚያስታውቅ ታውቂ ነበር ወይ?

«ቲቸር፣ እኔ የሱቅ ልጅ ነኝ» አልኩ። «ዛፍ ምን አውቃለሁ?»

ምክትሉ ሳቁ። «እውነቷን ነው፣ ይቺ ዋንዛና ባሕር ዛፍ አትለይም።»

እሷ ከወንበሯ ተነሳች። ስትናደድ አማርኛዋ ይሰባበርባታል። «ነግሬያታለሁ። ዛፉን ከጠራሽ አባቴን ጠራሽ፣ እንደዚህ ብዬ። ነግሬያታለሁ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ማርያምን! አልነገረችኝም» አልኩ።

ማርያምን። ከዚያ በኋላ የሆነውን አይቼዋለሁ፤ የሰው ፊት ሲዘጋ አይቼ አውቃለሁ። ምክትሉ ቀስ ብለው «ሁለት ዓመት የደበቀች ልጅ…» ብለው ተዉት። መደበቋን የውሸታምነት ማስረጃ አደረጉት። ቲቸር ሰብለም «ተናደሽ ነው፣ ይገባኛል፣ ግን በሰው ላይ መዋሸት ጥሩ አይደለም» አሏት፣ በለሆሳስ፣ እንደሚያዝኑላት። እሷ አንዴ ብቻ አየችኝና ተቀመጠች። ስለ ትርፉ ክፍል ያን ቀን ማንም አላነሳም። ስላልታመነች ነው? እንጃ። ከእኔ መሐላ ሌላ ግን በመሐል የተለወጠ ነገር አልነበረም። ሰኞ ስም ሲጠራ አልነበረችም። ማክሰኞም። ስሟ ከነአባቷ ለአንድ ወር ተጠራ፣ ከዚያ ተሰረዘ።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም፣ ሱቅ ገባሁ። ቅጣት ነው እንዳትሉ። አላጠናሁም፣ ያ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ጥቅምት ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኘኋት። የማር ባልዲ ፊቷ አስቀምጣ፣ ሕፃን አዝላ። እኔ ላልፍ ነበር።

«አድማጯ!» ብላ ጠራችኝ። «ወፈርሽ እኮ። ሱቅ ይስማማል።»

«እንዴት ነሽ?» አልኩ።

«አለሁ። አሁንም ታዳምጫለሽ?»

አራት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። «ይቅርታ» ብቻ ወጣኝ።

 ስንጥር በማር ነክራ አቀበለችኝ። ቀመስኩ፣ ላስኩት፣ ጨረስኩት። ገበያው እያየኝ።

«ያኔ ብቻችንን ነበርን፣ ግን አልበላሽም» አለች።  እንደገባኝ ከፊቴ ስታነብ ሕፃኑን አስተካክላ አዘለች። «ለእኔ ምን ትይኛለሽ? እኔ የሆነውን አውቃለሁ። ለቲቸር ንገሪያቸው። ልጅቷ አልዋሸችም በያቸው። እሳቸው ፊት ውሸታም ሆኜ ነው የወጣሁት።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

ቲቸር ሰብለ አርብ አርብ ሱቃችን ይመጣሉ። ሳሙና፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ አንዳንዴ ሻማ። «እንዴት ነሽ አድማጬ?» ይሉኛል፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፍሬም እያዩ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስድስት አርብ መጡ። ስድስቱንም «ደህና ነኝ ቲቸር» አልኳቸው። ማይክራፎን ላይ የማይያዝ ምላስ ባንኮኒ ላይ ተሳሰረ።

ለዚህ ነው የጻፍኩት። ይቅር በሉኝ አልልም። ልጅ ነበርኩ አልልም፣ እሷም ልጅ ነበረች። ስሟን አልጠራሁም አልልም። ይህ ወረቀት መጀመሪያ የሚሰጠው ለቲቸር ሰብለ ነው፣ አርብ፣ በእጃቸው። እናንተ የምታነቡት ከሆነ ሰጥቻለሁ ማለት ነው። ሁሉንም ለማንበብ ትዕግሥት ቢያጡ ብዬ የመጨረሻዋን መስመር ለእሳቸው አድርጌያታለሁ፦

ቲቸር፣ ነግራኛለች።